እየተበላ የሚሞላው መሶብ

እናንተዬ፣ ይህን ነገር ለብቻዬ ይዤው መቀመጥ አልቻልኩም! ሰው ጣቱን ሲያንቀሳቅስ ከአንጎሉ የትኛዋ ቦታ እንደሠራች በማግኔት ማየት እንደሚቻል ሁላችንም ሰምተናል። ያንን ቀይና ቢጫ ጣል ጣል ያለበትን የአንጎል ሥዕልም በቴሌቪዥን አይተነዋል። ግን ማግኔት የሰውን ሥራ እንዴት ያያል? እስቲ ቀስ ብለን ከሥሩ እንያዘው፤ ምንም ቀድሞ ማወቅ አያስፈልግም።

ከውሃ እንጀምር። ሰውነታችን በአብዛኛው ውሃ ነው። እያንዳንዷ የውሃ ቅንጣት ሁለት የሃይድሮጂን አቶሞች አሏት፤ በእያንዳንዱ አቶም መሀል ደግሞ ፕሮቶን የምትባል፣ ኢምንት የሆነች የማግኔት ጠባይ ያላት ነገር አለች። ፕሮቶኖቹ በደህናው ቀን ፊታቸውን እንዳሻቸው አዙረው ነው የሚኖሩት። ኤምአርአይ በሚባለው ሥዕል ማንሻ መሣሪያ ውስጥ ስንተኛ ግን በዙሪያችን ያለው ትልቅ ማግኔት ሊያሰልፋቸው ይሞክራል። በሆስፒታል ከሚሠራባቸው ጠንከር ያለው 3 ቴስላ ነው (ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው)፤ የኮምፓስን ቀስት ከሚያዞረው የምድር ማግኔት በአሥር ሺዎች እጥፍ ይበልጣል። ታዲያ ይህ ሁሉ ጉልበት ስንቱን ያሰለፈ ይመስላችኋል? ግማሹ ወደዚህ ግማሹ ወደዚያ ይቆምና፣ ከአንድ ሚሊዮን ፕሮቶን ውስጥ በትርፍ ወደ ማግኔቱ አቅጣጫ የሚቆሙት 10 ገደማ ብቻ ናቸው። ከሚሊዮን አሥር! ሥዕሉ ሁሉ የሚገኘው ከእነዚህ ከአሥሩ ነው። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፣ ኋላ ትፈለጋለች።

ቀጥሎ መሣሪያው የራዲዮ ሞገድ ይልካል። የተሰለፉት ፕሮቶኖች ሞገዱን ተቀብለው ያዘነብላሉ፤ ወደ ቦታቸው ሲመለሱም እነሱው በተራቸው ደካማ የራዲዮ ምልክት ይሰጣሉ። በጭንቅላታችን ዙሪያ ያለው አንቴና ያንን ይሰማል። ምልክቱ ከየት እንደመጣ እንዴት ይታወቃል? የማግኔቱን ኃይል ከቦታ ቦታ ትንሽ ትንሽ ለወጥ በማድረግ። ያኔ እያንዳንዱ ቦታ በተለየ ሞገድ ይመልሳል። ፖል ላውተርቡር ይህን ዘዴ በ1973 አሳተሙ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ በ2003 ከፒተር ማንስፊልድ ጋር ኖቤል ተሸለሙበት። ኤምአርአይ የተነሳ ሰው ሁሉ የሚያማርርበት ያ ጆሮ የሚበጥስ ድብደባም የመጣው ከዚሁ ነው፤ ኃይሉን የሚለዋውጡት ጥቅልል ሽቦዎች ኤሌክትሪክ በተላከባቸው ቁጥር ይንቀጠቀጣሉ።

እስካሁን ያየነው የአንጎልን መልክ ነው። ሥራውን ለማየት ደግሞ ወደ ደም እንሂድ።

ደማችንን የሚያቀላው ሄሞግሎቢን በውስጡ ብረት አለው። ላይነስ ፖውሊንግና ቻርልስ ኮርየል በ1936 አንድ የሚያስደንቅ ነገር አገኙ፤ ኦክስጅን የያዘ ደምን ማግኔት አይስበውም፣ ኦክስጅኑን ያስረከበ ደምን ግን ይስበዋል። ያው አንድ ደም ነው እኮ! ኦክስጅኑን ያስረከበው ደም ባለበት ቦታ ማግኔቱ ይረበሻል፣ በአጠገቡ ያሉት ፕሮቶኖች እርስ በርስ መናበብ ያቅታቸዋል፣ ምልክታቸው ይደክማል፣ ሥዕሉ ይጠቁራል። ሴይጂ ኦጋዋና ባልደረቦቻቸው አሜሪካ ባለው በቤል ላቦራቶሪ ይህን በ1990 በአይጥ አንጎል ላይ አሳዩ። በ1992 ደግሞ በሰው ላይ የተሠሩት የመጀመሪያ ጥናቶች ታተሙ።

አሁን እዚህ ላይ ቆም በሉ። የሠራች የአንጎል ቦታ ኦክስጅን ትጨርሳለች አይደል? እንግዲያውስ ደሟ ኦክስጅን አጥቶ ሥዕሏ መጥቆር ነበረበት። የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው፤ የሠራችው ቦታ ትደምቃለች! ለምን?

አንድ ቤት እንግዳ ሆናችሁ ገባችሁ እንበል። የቤቱ እመቤት መሶቡ አጠገብ ቆመዋል። እናንተ አንድ እንጀራ ስትጨርሱ እሳቸው ሦስት ይጨምራሉ። «በሞቴ! ምነው፣ አልጣፈጣችሁም እንዴ?» እያሉ ወጡንም ይደርቡበታል። መሶቡን ብቻ የሚያይ ሰው ጉድ ነው የሚለው፤ ሰው እየበላ እንጀራው ይበዛል! አንጎልም ልክ እንዲህ ነው። የሠራችው ቦታ ኦክስጅን ስትበላ፣ ደም ቅዳዎቹ ከበላችው አትረፍርፈው ያቀርቡላታል። ስለዚህ ሥራ ባለበት ቦታ ኦክስጅን የያዘው ደም ይበዛል፣ ማግኔቱን የሚረብሸው ደም ተጠርጎ ይሄዳል፣ ሥዕሉም ይደምቃል። መሣሪያው የሚያየው በላተኛውን ሳይሆን የመሶቡን መትረፍረፍ ነው። ይህ ሲገባኝ ከተቀመጥኩበት ብድግ ነው ያልኩት! መስተንግዶው ደግሞ ይዘገያል፤ ድምቀቱ ጣሪያ የሚደርሰው ሥራው ከተጀመረ ከ5 እስከ 6 ሰከንድ በኋላ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው የዛሬዎቹ ተመራማሪዎች እንቅልፍ ያጡበት ጉዳይ የሚመጣው። የአንጎል ቅርፊት ውፍረቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ነው። በዚያች ቅጥነት ውስጥ በአብዛኛው ስድስት ንብርብሮች አሉ፤ አንዱ መልእክት ይቀበላል፣ ሌላው ትእዛዝ ይልካል። የተለመደው ሥዕል ግን የሚሠራው ወርዷም ቁመቷም 3 ሚሊሜትር ከሆነች ቁራጭ ነው። እሷ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የነርቭ ሕዋሳት አሉ፤ ላኪውም ተቀባዩም አንድ ላይ ተደባልቀው አንድ ቀለም ይሆናሉ። ታዲያ ቁራጯን ማሳነስ ነዋ! ትላላችሁ። ቁራጯ ስታንስ ግን ውሃዋም ያንሳል፣ ድምጿም ይጠፋል። ያዙልኝ ያልኳችሁ ቁጥር አሁን መጣች። በ7 ቴስላ ማግኔት ከሚሊዮኑ በትርፍ የሚሰለፉት 10 መሆናቸው ቀርቶ ወደ 23 ከፍ ይላሉ። በዚህ ጉልበት ከ1 ሚሊሜትር በታች ያለች ቁራጭ ትሰማለች!

ሌላም እንቅፋት አለ። የድግሱ ቤት ስድስት ክፍል ቢኖረውና ከሁሉም ክፍል የተረፈው ትሪ በአንድ በር ቢወጣ፣ በሩ ላይ የቆመ ሰው ድግስ መኖሩን እንጂ የትኛው ክፍል እንደተጋበዘ አያውቅም። የአንጎል ቅርፊትም ደሙን ከታችኞቹ ንብርብሮች ወደ ላይ፣ ገጹ ላይ ወዳሉት ትልልቅ ደም መልሶች ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ኦክስጅንን ብቻ ካየን የላይኛው ገጽ ሁልጊዜ የሠራ ይመስላል። መፍትሔውን ቫሶ ይሉታል፤ የደሙን ኦክስጅን ትቶ የደሙን መጠን ይለካል። ሥራ ሲኖር በዋናነት የሚሰፉት እዚያው ሥራው አጠገብ ያሉት ትንንሽ የደም ሥሮች ናቸው። በሩን ትተን ክፍሎቹን አየን ማለት ነው።

በ2017 ሎረንሺየስ ሁበርና ባልደረቦቻቸው አሜሪካ ሜሪላንድ ባለው ብሔራዊ የጤና ተቋም በ7 ቴስላ መሣሪያ ይህን ዘዴ ይዘው እጅን የምታዘውን የአንጎል ቦታ አዩ። ሥራው ቀላል ነው፤ አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን እያገናኙ መታ መታ ማድረግ። በሥዕሉ ላይ ሁለት መስመር ታየ፤ አንዱ ወደ ቅርፊቱ ገጽ ቀረብ ያለ፣ ሌላው በጥልቀት። የላይኛው ከሌላው የአንጎል ክፍል መልእክት የሚቀበለው ነው፣ የታችኛው ወደ ኅብለ ሰረሰር ትእዛዝ የሚያወርደው። ከዚያ መሣሪያው ውስጥ የተኛው ሰው ጣቱን ሳያንቀሳቅስ ጣቱ ብቻ እንዲነካ አደረጉ። የታችኛው መስመር ጠፋ! የላይኛው ብቻ ቀረ። ወሬው ደርሷል፣ ትእዛዝ ግን አልወጣም። በሕይወት ባለ ሰው፣ የራስ ቅሉ ሳይከፈት፣ መልእክቱ ይግባ ይውጣ ለየነው እኮ! በሦስት ሚሊሜትሩ ሥዕል ቢሆን ሁለቱም አንድ ነጠብጣብ ነበሩ።

ውድድሩ እንደቀጠለ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ዴቪድ ፋይንበርግ የሚመሩት ቡድን በ2023 ያስተዋወቀው 7 ቴስላ መሣሪያ እስከ 0.4 ሚሊሜትር ገደማ ወርዷል። አስሉት፤ ከአንዲቱ ባለ 3 ሚሊሜትር ቁራጭ ከ400 በላይ ይወጣል። ፈረንሳይ ሳክሌ ውስጥ ደግሞ ኢሰልት የተባለው 11.7 ቴስላ ማግኔት አለ፤ 132 ቶን ይመዝናል፣ ሽቦው በፈሳሽ ሂሊየም እስከ 271 ዲግሪ ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ ነው የሚሠራው። በ2021 መጀመሪያ ያነሳው ዱባ ነበር፤ በ2024 የሰው አንጎል ሥዕሎቹ ይፋ ሆኑ፣ በ4 ደቂቃ ውስጥ 0.2 ሚሊሜትር ድረስ የሚለዩ። እነዚያ ሥዕሎች የአንጎልን መልክ የሚያሳዩ ናቸው፤ እኔ የምጓጓው ሥራውን ሲያሳየን ለማየት ነው።

እናንተም ከዛሬ ጀምሮ ያ ባለቀለም የአንጎል ሥዕል ሲገጥማችሁ «የእያንዳንዷ ቁራጭ ስፋት ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። 3 ሚሊሜትር ከተባላችሁ የቱ ሰፈር እንደሠራ ትሰማላችሁ። ከ1 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ግን አትልቀቁ፤ «የትኛው ንብርብር?» በሉ።