ሙቀቱ ከላይ፣ ቅዝቃዜው ከሌሊት

ሚያዝያ 12 ቀን አካባቢ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ባሕር ዳር ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ጥላው ከእግሩ ሥር ይሰበሰባል። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ በእነዚያ ቀናት ፀሐይ የምትወርደው በአናት ነው። ግድግዳዎች በቀትር ብዙም አይነኩም፤ ዱላውን የሚቀበለው ጣሪያው ነው። ጣሪያው ደግሞ በአብዛኛው ቆርቆሮ ነው።

ሰማዩ ጥርት ባለ ጊዜ አናት ላይ የደረሰች ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት ያህል ኃይል ታሳርፋለች። በ40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በቀትር የሚያርፈው ኃይል ባንድ ጊዜ የተለኮሱ ከአሥር የሚበልጡ የኤሌክትሪክ ምጣዶችን ያህላል። ከፊሉ ተመልሶ ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ የቀረው ግን ስሱን ብረት በጥቂት ደቂቃ ያግለዋል። የጋለው ቆርቆሮም ሙቀቱን ቁልቁል በነዋሪው ራስ ላይ ይለቀዋል። ኮርኒስ በሌለው ቤት ከቀትር በኋላ አናት የሚያቃጥለው ይኸው ጨረር ነው። መስኮቱ ሁሉ ቢከፈት አየሩ ይለወጥ ይሆናል እንጂ ከላይ የሚወርደው አይቆምም።

ባሕር ዳር ግን ብዙ ሞቃት ከተሞች የሌላቸው ሀብት አላት፤ ሌሊቷ ይቀዘቅዛል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ቢወጣም ሊነጋ ሲል ወደ 15 ዲግሪ ግድም ይወርዳል። ቀኑና ሌሊቱ ይህን ያህል በሚራራቁበት አገር ለመኖሪያ ቤት ኤሲ የግድ አይሆንም። ቀን ከጣሪያ የሚመጣውን መመከት፣ ሌሊት ቀዝቃዛውን አየር ማስገባትና እስከ ነገ ማቆየት ይበቃል።

የጣና ዳርቻ የቀድሞ ቤት ሠሪዎች ሁለቱንም ያውቁበት ነበር። ጎጆው የሚከደነው በወፍራም ሣር ነው። በሣሩ መካከል ታስሮ የሚቀረው አየር ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም፤ የጣናን ታንኳ በውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውም በደንገሉ አገዳ ውስጥ የተያዘው አየር ነው። ግድግዳው የሚመረገው ከጭድ ጋር ተቦክቶ በሰነበተ ጭቃ ነው። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ጠዋት ከውጭ የተቀበለውን ሙቀት ወደ ውስጥ የሚያደርሰው ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ አየሩ መቀዝቀዝ ሲጀምር ነው። በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ያሉት ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ደግሞ ክብ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። መካከል ላይ ያለውን አራት ማዕዘን መቅደስ ቅድስቱና ቅኔ ማኅሌቱ ይከቡታል። አሠራሩ ለሥርዓተ ቅዳሴ የተበጀ ቢሆንም፣ ሥዕል የሞላበት የመቅደሱ ግድግዳ ከቀጥተኛ ፀሐይ ተጠብቆ ይኖራል።

ሣር ክዳን ዛሬ ለከተማ አይሆንም። እሳት ይፈራል፣ በየጊዜው መታደስ አለበት፣ ሣሩም እንደ ልብ አይገኝም። ቆርቆሮ ቀላል ነው፣ ዝናብ አያስገባም፣ ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ቆርቆሮውን ሳይተዉ ሙቀቱን እንዴት መመከት እንደሚቻል ነው።

ለዚህ ጥሩ መልስ የተገኘው ከምዕራብ አፍሪካ ነው። የቡርኪና ፋሶው አርክቴክት ፍራንሲስ ኬሬ በትውልድ መንደራቸው በጋንዶ የሠሩት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠናቀቀ። መንደሩ ከባሕር ዳር እጅግ የሚሞቅ ሲሆን ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። ግድግዳውና ኮርኒሱ ግን ከሸክላ አፈር ተሠርተው፣ ቆርቆሮው ከኮርኒሱ ከፍ ብሎ በብረት ዘንጎች ላይ ተቀምጧል። ቆርቆሮው ፀሐዩን ይቀበላል፤ በሁለቱ መካከል የሚያልፈው ነፋስ የጋለውን አየር ጠርጎ ይወስደዋል፤ ተማሪዎቹ ከቀዝቃዛው ኮርኒስ ሥር ይማራሉ። ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2022 የፕሪትዝከርን የሥነ ሕንፃ ሽልማት ሲቀበሉ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነበሩ።

ይህ የኬሬ ዘዴ በባሕር ዳር ሠፈሮች፣ በሽምብጥም ሆነ በፋሲሎ፣ ባለ ተራ ቤት ውስጥ በአቅም ይሠራል። ኮርኒስ የሌለው ቤት መጀመሪያ የሚያስፈልገው ኮርኒስ ነው። አቡጀዲም ቢሆን ከባዶ ይሻላል፤ ቺፕውድ ደግሞ ከአቡጀዲ ይበልጣል። ዋናው ነገር በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው አየር መውጫ ማግኘቱ ነው። በጣሪያው ጠርዝ ሥር በሁለቱም ወገን፣ ከተቻለም ከላይ ጫፉ አጠገብ ቀዳዳ ተትቶ፣ አይጥና የሌሊት ወፍ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ቢሸፈን ትኩሱ አየር እዚያው ታፍኖ አይውልም።

ቀለምም ትልቅ ሥራ ይሠራል። ያልተቀባ ቆርቆሮ አዲስ ሳለ ቢያብረቀርቅም የያዘውን ሙቀት ቶሎ አይለቅም፤ ሲዝግ ደግሞ ይብስበታል። ለብረት የተዘጋጀ ነጭ ቀለም አብዛኛውን ፀሐይ ይመልሳል፣ የቀረውንም ወደ ሰማይ ለመልቀቅ ይረዳል። የሕንዷ አሕመዳባድ እ.ኤ.አ. በ2013 የሙቀት መከላከያ ዕቅድ ካወጣች በኋላ የድሆችን ጣሪያ ነጭ የመቀባት ዘመቻ ጨምራበታለች። ጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣሪያ ላለው ቤት ኖራ ይበቃል፤ ክረምቱ ስለሚያጥበው ግን በየዓመቱ በጋው ሳይበረታ መታደስ አለበት።

ከጣሪያው ቀጥሎ መስኮት ነው። ቀን ቀን የብሱ ከሐይቁ ፈጥኖ ይሞቃል፤ በየብሱ ላይ ያለው አየር ወደ ላይ ሲነሣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ከሚሰፋው ጣና ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ይመጣል። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡብ ዳር ስላለች ይህ ነፋስ የሚነፍሰው ከሰሜን ነው። ሌሊት አቅጣጫው ይገለበጣል። በሰሜንና በደቡብ ትይዩ መስኮቶች ያሉት ክፍል በሁለቱም ጊዜ ይተነፍሳል፤ ባንድ ወገን ብቻ የተከፈተ ክፍል ግን ነፋሱ በደጁ ያልፈዋል።

ወደ ምዕራብ የዞረ መስኮት ከሁሉ የከፋ ነው። ዘቅዘቅ ያለችው የማታ ፀሐይ የጣሪያ ጠርዝ ወይም በረንዳ ሳይከልላት፣ ቀኑን ሙሉ በሞቀ ቤት ላይ ትገባለች። የውስጥ መጋረጃ ብዙ አይረዳም፤ ፀሐዩ መስታወቱን ካለፈ በኋላ ሙቀቱ የቤቱ ሆኗል። መከለያው ከመስታወቱ ውጭ መሆን አለበት። ከአዊ አካባቢ የሚመጣ ቀርከሃ ተፈልጦ ቢታሰር፣ ወይም የደንገል ምንጣፍ ቢሰቀል ፀሐዩን ከደጅ ይመልሳል፤ ነፋሱንም ፈጽሞ አይዘጋም።

የመክፈቻና የመዝጊያ ሰዓትም አለ። ውጭው ከቤቱ በሚሞቅበት ከረፋድ እስከ አመሻሽ በፀሐይ በኩል ያለውን መዝጋት፣ ከመሸ በኋላ ሁሉንም መክፈት ይበጃል። ይሁንና ጣና ዳር ወባ አለ። ሌሊት መስኮት ከመከፈቱ በፊት የወባ ትንኝ መከላከያ ወንፊት መገጠም አለበት፣ አጎበሩም ከአልጋው መለየት የለበትም። ለሌባ ለሚሰጋ ቤት ከፍ ያለ ፍርግርግ መስኮት ጥሩ ነው፤ ትኩሱ አየር የሚወጣውም በላይ በኩል ነውና።

ከደጅ ደግሞ ዛፍ። የዘጌ ሰው በትውፊት ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር በሚያያዝ ሥርዓት መሬት አያርስም፣ ከብትም አያረባም፤ ቡናው በጥቅጥቅ ደን ጥላ ሥር ያድጋል። ከከተማዋ ወጥቶ ወደዚያ ደን የገባ ሁሉ የጥላን ዋጋ በቆዳው ያውቀዋል። ዛፍ ፀሐይ ከመከለሉም ሌላ በቅጠሉ ውሃ እያተነነ ዙሪያውን ያቀዘቅዛል። ለምዕራብ ግድግዳ ቅጠለ ብዙው ማንጎ ተስማሚ ነው፤ ባሕር ዛፍ ጥላው የሳሳ ነው።

እንስራ ውሃን የሚያበርደውም በዚሁ መንገድ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ከ0.6 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚበልጥ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አየሩ ደረቅ በሆነባቸው በእነ መጋቢት ነፋስ በሚገባበት መስኮት ላይ እርጥብ ነጠላ ማንጠልጠል ክፍሉን ያቀዘቅዛል፤ በክረምት ግን ቤቱን ከማጨቅየት በቀር ፋይዳ የለውም።

ከውስጥ የሚመነጭ ሙቀትም አይረሳ። 3,500 ዋት ገደማ የሚበላ ምጣድ ኃይሉ በመጨረሻ የሚቀረው በቤቱ ውስጥ ነው። እንጀራ በማለዳ፣ ከተቻለም ግቢ ባለው ማድ ቤት ቢጋገር ሳሎኑ ያርፋል። ቬንትሌተር የሚያቀዘቅዘው ሰውን እንጂ ክፍሉን ስላልሆነ፣ ሰው በሌለበት ማዞሩ መብራት ማባከን ነው። ሰው ባለበት ግን ብዙውን ጊዜ ከ75 ዋት በታች ይበቃዋል፤ ኤሲ በአንጻሩ 1,000 ዋትና ከዚያ በላይ ይጠይቃል።

ዛሬ በባሕር ዳር የሚሠሩት ቤቶች የሚቆዩት ለአሥርት ዓመታት ነው፤ የልጆችንና የአረጋውያንን እንቅልፍ የሚወስኑትም እነሱ ናቸው። ቤት የምትሠሩ ወገኖች፣ ለመስታወትና ለጌጥ ከምታወጡት ገንዘብ አስቀድማችሁ ለኮርኒሱና ለአየር መውጫው መድቡ። መስኮታችሁን ወደ ሰሜንና ደቡብ አዙሩ፤ የምዕራቡን ማንጎ ደግሞ መሠረቱ በሚቆፈርበት በዚያው ክረምት ትከሉ።