የሰውነት ክብደትና የባልና ሚስት ጤና

በወሎ ደጋ ወዳጅ ከወዳጁ ሲገናኝ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚነሣው የሰውነት ነገር ነው። የወፈረውን «ተመችቶሃል» ብለን እናደንቀዋለን፤ የከሳውን «ምን ነካህ?» ብለን እናዝንለታለን። ይህም ያለ ምክንያት አልመጣም። በ1965ና በ1966 ዓ.ም.፥ ዳግመኛም በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ወሎን ክፉኛ የጎዳ ስለ ሆነ፥ መወፈር የጥጋብና የደኅንነት ምልክት ሆኖ በሕዝቡ ልብ ተቀርጿል። ዳሩ ግን መክሳትም ሆነ መወፈር ከልክ ሲያልፍ የባልና የሚስትን መኝታ የሚያውክ፥ ልጅ እስከ መከልከልም የሚያደርስ መሆኑን ብዙ ቤተ ሰብ አላስተዋለውም። ሰው የሚያፍርበትን ይህን ጉዳይ በጨዋ ቋንቋ ልንገልጠው ወደድን።

አስቀድመን ልኩን እንመልከት። ቁመት በሜትር ተለክቶ በራሱ ይባዛል፤ ክብደትም በኪሎ ተመዝኖ ለዚያ ይካፈላል። ውጤቱ ከ18.5 በታች የሆነ ከሲታ፥ 25 የደረሰ ወፍራም፥ 30 የደረሰ ደግሞ ከመጠን በላይ ወፍራም ይባላል። እንግዲህ ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 የሆነ ሰው ከ48 እስከ 63 ኪሎ ቢመዝን በልኩ ነው። በ2008 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ ዕድሜአቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ሴቶች ከመቶው 22 ያህሉ ከሲታ፥ 8 ያህሉ ወፍራም ሆነው ተገኝተዋል።

በቦረና ገጠር ውኃና እንጨት ተሸክማ ዳገቱን የምትወጣ፥ ለቤተ ሰቡ አብልታ የተረፈውን የምትቀምስ እናት ጉልበቷ ያልቃል። ሰውነት ስንቁ ሲያንሰው ለመውለድ የሚያውለውን ኃይል ይቆጥባል፤ ስለዚህ የወር አበባዋ ይዛባል ወይም ይቋረጣል፤ ፍላጎቷም ይደክማል። ባልዋ «ጠላችኝ» ብሎ ሲያኮርፍ፥ እርሷ ግን ርቧት ወይም ደም አንሷት ይሆናል።

በመካነ ሰላም ከተማ በሱቅና በቢሮ ተቀምጦ የሚውለው ሰው ችግሩ ሌላ ነው። ውፍረት ሲበዛ የወንድነት ሆርሞን ይቀንሳል፤ የደም ሥሮች ይጎዳሉ፤ የስኳር በሽታ ከታከለበትም ነርቭ ይደክማል። ከዚህ የተነሣ ስንፈተ ወሲብ ይመጣል፤ ይህም አንዳንድ ጊዜ የልብ ሕመም ቀዳሚ ምልክት ነው። ከመጠን በላይ የወፈረች ሴትም እንቁላል መልቀቋ ይዛባና ለመፅነስ ትቸገራለች።

ከሕመሙ ይልቅ ቤት የሚያፈርሰው ግን ዝምታው ነው። ባል ድካሙን በቁጣ ይሸፍናል፤ ከወሊድ በኋላ ሰውነቷ የተለወጠባት ሚስትም አፍራ ትሸሻለች። ልጅ ሲታጣ «መካን ናት» ተብሎ ጣት የሚቀሰረው በሴቲቱ ላይ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ምክንያቱ ከባልም ሊሆን ይችላል፤ ከሁለቱም የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሳይመረመሩ መፋታት እንግዲህ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መቶ ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ5 እስከ 10 ኪሎ ብቻ ቢቀንስ ለውጡን ያየዋል። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግሩ ይሂድ፤ ጠላውን፥ አረቄውንና ስኳሩን ያሳንስ። ጾም ነው ብሎ ወጡን በዘይት ማጥለቅለቅ፥ ፍስክ ሲሆንም ያለ ልክ መብላት አይጠቅምም። የከሳችው ደግሞ ከሽሮው፥ ከምስሩና ከጎመኑ ከሌላው እኩል ትመገብ፤ በፍስክም እንቁላልና ወተት ይጨመርላት። ነፍሰ ጡር፥ አጥቢ ወይም በሽተኛ ከሆነች ስለ ጾሙ ከንስሐ አባቷና ከሐኪሟ ጋር ትመካከር። ለማወፈር ወይም ለማክሳት ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠውን መድኃኒት መዋጥ ግን አደጋ ነው፤ ከማወፈሪያው አንዳንዱ ደም ግፊትንና ስኳርን ያስነሣልና።

ባሎች ሆይ፥ ሚስቶቻችሁን በሰው ፊት በሰውነታቸው አትቀልዱባቸው፤ እናንተም ሚስቶች የባሎቻችሁን ድካም ለጎረቤት አታውሩ። ችግር ሲሰማችሁ ሁለታችሁም አብራችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል ሂዱ፤ ክብደታችሁን፥ የደም ግፊታችሁንና ስኳራችሁን ተለኩ፤ የሚያስጨንቃችሁንም ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩት።