መርፌውም ክኒኑም በደም ነው የሚሄደው

ወገቡን ወይም ጉልበቱን አሞት ሐኪም ቤት የሄደ ሰው ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ሲታዘዝለት፣ ከፋርማሲው መስኮት ብዙ ጊዜ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ምግብ በልተህ ውሰደው»። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ክፋቱ ብቻውን መቅረቱ ነው። ሰሚው የመድኃኒቱ አደጋ ክኒኑ ጨጓራ ላይ ሲያርፍ የሚያደርሰው ማቃጠል ብቻ ይመስለዋል። ስለዚህ በልቶ ከዋጠ፣ ወተት ከጠጣበት፣ ወይም ክኒኑን ትቶ መርፌውን ከተወጋ ነገሩ አበቃ ይላል። የጨጓራ ሕመም ያለበት ሰው «ክኒን አይስማማኝም፣ መርፌ ይሻለኛል» ሲል መስማትም የተለመደ ነው። የእነዚህ ፀረ ብግነት ማስታገሻዎች ዋነኛ ጉዳት ግን የሚመጣው በደም ከሚዘዋወረው መድኃኒት ነው። በመሆኑም ደኅንነታቸውን ከምንም በላይ የሚወስኑት የሚወሰደው መጠን፣ የሚወሰድበት የጊዜ ርዝመት፣ የታማሚው የጤና ሁኔታና አብረው የሚወሰዱት ሌሎች መድኃኒቶች ናቸው።

አስፕሪን ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1899 ቢሆንም እንዴት እንደሚሠራ ከ70 ዓመት በላይ በውል ሳይታወቅ ቆይቷል። በ1971 እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጆን ቬን አስፕሪንና ዘመዶቹ ሰውነት ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ንጥረ ነገሮችን እንዳይሠራ እንደሚያግዱ አሳየ፤ በ1982 ከሁለት ስዊድናውያን ጋር የኖቤል ሽልማት ያስገኘለትም ይኸው የምርምር መስክ ነው። ፕሮስታግላንዲን በታመመ መገጣጠሚያ ላይ እብጠትንና ሕመምን ያባብሳል። በሌላ በኩል ጨጓራ ከገዛ አሲዱ የሚጠበቅበትን ዝልግልግ ሽፋን ያጠናክራል፤ ወደ ኩላሊት የሚገባው ደም እንዳይቀንስም ያግዛል። መድኃኒቱ የጉልበቱን ከጨጓራው ለይቶ አያውቅም። ይዋጥ፣ ይወጋ ወይም በፊንጢጣ ይግባ፣ ደም ውስጥ ከገባ ጨጓራ መድረሱ አይቀርም። ምግብ ማቅለሽለሹንና ማቃጠሉን ሊያቀል ይችላል፤ ከቁስለት ግን ዋስትና አይሰጥም።

ቁስለቱ ደግሞ ሁልጊዜ አስጠንቅቆ አይመጣም። ማስታገሻው ራሱ ሕመሙን ሊሸፍነው ስለሚችል፣ አንዳንዱ ሰው መድማቱን የሚያውቀው ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ሲያይ ወይም ደም ሲያስታውከው ነው። «ለዓመታት ወስጄ ምንም አልሆንኩም» የሚለው ክርክር ውኃ የማያነሳው ለዚህ ነው፤ አላመመኝም ብሎ አልቆሰልኩም ማለት አይቻልም። ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ፣ ከዚህ ቀደም የጨጓራ ቁስለት የነበረባቸው፣ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎች አደጋቸው ከፍ ያለ ነው። በአገራችን በስፋት የሚገኘው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያም ከመድኃኒቱ ጋር ሲገናኝ ጉዳቱን ያባብሳል። ለእንደነዚህ ዓይነት ታማሚዎች ሐኪሙ ኦሜፕራዞል ሊጨምርላቸው ይችላል፤ ይህ በእርግጥ ቁስለትን ይቀንሳል። ማቃጠልን ለማብረድ የሚጠጣው ፀረ አሲድ ሽሮፕ ግን የኦሜፕራዞልን ቦታ አይተካም።

ስለ ጨጓራ ቢያንስ ይወራል፤ ስለ ኩላሊት ግን የሚያነሳ የለም፤ በእኔ እምነት ትልቁ ክፍተት እዚህ ነው። ኤናላፕሪልና ሽንት የሚያሸና መድኃኒት፣ ለምሳሌ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ለደም ግፊት በብዛት ይታዘዛሉ። ሁለቱንም የሚወስድ ሰው ለጉልበቱ ዲክሎፌናክ ሲጨምር ኩላሊቱ በሦስት በኩል ይጠመዳል፦ የሚያሸናው የሰውነትን ፈሳሽ ይቀንሳል፣ ኤናላፕሪል ከኩላሊት ማጣሪያ የሚወጣውን የደም ሥር ያሰፋል፣ ማስታገሻው ደግሞ ወደ ማጣሪያው የሚገባውን ያጠባል። በዚያ ላይ ተቅማጥ ወይም ከባድ ላብ ከተጨመረበት ኩላሊት በቀናት ውስጥ ሊደክም ይችላል። በባሕረ ሰላጤ አገሮች ሙቀት ውስጥ በጉልበት ሥራ የሚውሉ ወገኖች ይህን ሊያውቁት ይገባል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በረመዳን እስከ ማታ ውኃ ሳይቀምስ የሚውል ሰውም ጾመኛ መሆኑን ለሐኪሙ ቢነግረው የመድኃኒቱ ዓይነትና ሰዓት ሊስተካከልለት ይችላል፤ የጠዋቱን ዘልሎ ማታ ሁለቱን በአንዴ መዋጥ ግን መፍትሔ አይደለም። ከዚህ ሌላ እነዚሁ ማስታገሻዎች የደም ግፊትን ራሱን ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ።

ልብን በተመለከተ ማስረጃው የተገኘው በውድ ዋጋ ነው። ቫዮክስ የተባለው ማስታገሻ በ1999 ገበያ ላይ የዋለው ለጨጓራ ይሻላል ተብሎ ነበር። ድንገተኛ የልብ ሕመምንና ስትሮክን እንደሚጨምር በመታወቁ አምራቹ መርክ በመስከረም 2004 ከገበያ አወጣው። በ2013 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ሰፊ የጥናቶች ስብስብ ደግሞ ጥያቄውን ወደ ነባሮቹ መድኃኒቶችም አመጣው። ዲክሎፌናክን በከፍተኛ መጠን ለአንድ ዓመት ከወሰዱ 1,000 ሰዎች መካከል፣ ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸር፣ ተጨማሪ 3 ሰዎች ከባድ የልብ ወይም የደም ሥር ችግር ይደርስባቸዋል፤ ከእነሱም አንዱ ይሞታል። ከእነዚሁ ነባሮች አንዱ የሆነው ናፕሮክሰን በከፍተኛ መጠን ቢወሰድም ይህን አደጋ ሲጨምር አልታየም፤ ነገር ግን እሱና ኢቡፕሮፌን መድማትን የመሰለ ከባድ የጨጓራና የላይኛው አንጀት ችግር ወደ 4 እጥፍ ከፍ አድርገዋል።

ከ1,000 ሰው 3 ምን አላት የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ለጥርስ ሕመም ሦስት ቀን ለሚወስድ ጤነኛ ወጣት ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ልቡን አንዴ ታሞ ለሚያውቅ ሽማግሌ ግን ስሌቱ ሌላ ነው፤ መነሻ አደጋው ከፍ ያለ ስለሆነ ጭማሪውም ይበዛበታል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2015 ማስጠንቀቂያውን ሲያጠብቅ አደጋው ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ሊከሰት እንደሚችል ገልጿል። ስለዚህ ጎረቤትን ያሻለው ክኒን ለሁሉም ይሆናል ማለት አይቻልም።

ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ አድቪል አይጠፋም። አድቪልና ሞትሪን ኢቡፕሮፌን ናቸው፤ አሊቭ ናፕሮክሰን፣ ቮልታረን ደግሞ ዲክሎፌናክ ነው። የታዘዘለትን ዲክሎፌናክ ቀን እየወሰደ ማታ አድቪል የሚጨምር ሰው ሁለት የተለያዩ ነገሮች የወሰደ ይመስለዋል። የወሰደው ግን የአንድ ቤተሰብ መድኃኒት ነው፤ እፎይታው ብዙም ሳይጨምር ጉዳቱ ይደራረባል። ለልቡ በየቀኑ ትንሿን አስፕሪን የሚወስድ ሰው ደግሞ ኢቡፕሮፌን ከመውሰዱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ኢቡፕሮፌን አስፕሪኗ ደም እንዳይረጋ የምታደርገውን ሥራ ሊያደናቅፍ ይችላልና። ፓራሲታሞል የዚህ ቤተሰብ አይደለም፤ መጠኑ እስካልታለፈ ድረስ አብሮ ሊወሰድ ይችላል።

«ሐኪም ያዘዘልኝን እኔ ለምን እጨነቃለሁ?» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም የሚከብድ ነው። ሐኪሙ የሚያዘው ግን ለነገሩት በሽታና ለነገሩት መድኃኒት ነው። ወረፋ በበዛበት ክፍል ውስጥ የደም ግፊት መድኃኒቱን፣ ሻንጣ ውስጥ የመጣውን አድቪል ወይም እርግዝናን ያልተናገረ ታማሚ የያዘው ማዘዣ ለሌላ ሰው እንደተጻፈ ይቆጠራል። ማዘዣው ቀንም አለው። ለ5 ቀን የታዘዘውን ወረቀት ይዞ ወር ከመንፈቅ ሙሉ እየገዙ መቀጠል በሐኪም ትእዛዝ መውሰድ አይባልም። ነፍሰ ጡሮች ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ሐኪም አይቶ ካላዘዘ በቀር ከእነዚህ መድኃኒቶች መራቅ አለባቸው፤ የፅንሱን ኩላሊት ይጎዳሉና። እንደ ድሬዳዋ ደንጌ በሚከሰትባቸው አካባቢዎችም ትኩሳት የያዘው ሰው ምርመራው እስኪለይ በፓራሲታሞል ቢቆይ ይሻለዋል፤ ደንጌ ራሱ ሊያደማ ይችላል።

ታዲያ ሰው ሕመሙን ችሎ ይቀመጥ? አይደለም። በመገጣጠሚያ ብግነት ጠዋት ጣቱን ማጠፍ ለሚያቅተው ሰው እነዚህ መድኃኒቶች ትልቅ ባለውለታ ናቸው፤ ፈርቶ መተውም የራሱ ጉዳት አለው። የሚያስፈልገው ሕመሙን የሚያስታግሰውን ዝቅተኛ መጠን ለአጭር ጊዜ መውሰድ ነው። ለወራት መውሰድ ግድ ከሆነም የደም ግፊት እየተለካ፣ ክሬያቲኒንና ሄሞግሎቢን በደም ምርመራ እየታየ ይቀጥላል። ጉልበቱን ወይም የእጁን ጣት ብቻ ለሚያመው ደግሞ የዲክሎፌናክ ጄል አለ፤ ከክኒኑ ጋር ሲነጻጸር ወደ ደም የሚገባው 6 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ለዳሌ ግን ብዙም አይረዳም፤ መገጣጠሚያው ጥልቅ ስለሆነ ቅባቱ አይደርስበትም።