“ትንሽ ብትቆይልንስ?”፦ የወላጅን የአሜሪካ ቆይታ የሚያራዝመው ቅጽ

ከሰሜን ሸዋ፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከራቤል ወይም ከዓለም ከተማ ተነሥታ አሜሪካ የምትሄድ እናት ጉዳይዋ ብዙ ጊዜ አራስ መጠየቅ ነው። ልጇ ወልዳለች፤ እናት የገብስ ዱቄቷን ቋጥራ ገንፎ ልታገነፋላት ትሄዳለች። ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና ይነሣል። ከዚያ የልጅቱ የወሊድ ፈቃድ ያልቅና ሥራ ትገባለች፣ ሕፃኑም አያቱን ይለምዳል። ያኔ “ትንሽ ብትቆይልንስ?” የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ለዚህ ጥያቄ የአሜሪካ ሕግ አይ-539 የሚባል ቅጽ አዘጋጅቷል።

ቅጹን ለመረዳት ቪዛንና ቆይታን መለየት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ፓስፖርት ላይ የሚለጥፈው የጎብኚ ቪዛ፣ ማለትም ቢ1/ቢ2፣ እስከ አገሩ በር ድረስ ያደርሳል። ስንት ወር መቆየት እንደሚቻል የሚወስነው ግን አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ፓስፖርቱን የሚያየው የድንበር ጥበቃ መኮንን ነው። ለጉብኝት የገባ ሰው እንደ ደንቡ 6 ወር ይሰጠዋል። የመውጫው ቀን የሚሰፍርበት መዝገብ አይ-94 ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ በአየር ለሚገባ መንገደኛ በወረቀት መታደሉ ስለቀረ፣ ልጆች ከድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ በፓስፖርቱ ቁጥር ፈልገው ማተም አለባቸው። እናት በገባች በማግሥቱ ቢያደርጉት ይመረጣል፤ ስም ወይም ቀን ተሳስቶ ከሆነ ለማረም ጊዜ ይኖራል።

ይህ ልዩነት ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ ይከብዳል። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው አብዛኛው የጎብኚ ቪዛ ለ3 ወር የሚጸናና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ሆኗል። “ቪዛዋ የሦስት ወር ነውና በሦስት ወር ትውጣ” የሚል ቤተሰብ አለ፤ ይህ ስሕተት ነው። ሦስቱ ወር የመግቢያ ጊዜ ነው። ከገቡ በኋላ የሚገዛው የአይ-94 ቀን ነው። በሌላ በኩል፣ ድሮ እናት ለአጨዳ ተመልሳ በዚያው ቪዛ ዳግመኛ ልትሄድ ትችል ነበር። አሁን አንዴ ከወጣች አዲስ ክፍያ፣ አዲስ ቀጠሮና አዲስ ቃለ መጠይቅ ይጠብቃታል። ስለዚህ እዚያው ሆኖ የማራዘም ጥቅሙ ከፍ ብሏል።

ቀኑን ማንበብም ራሱን የቻለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አሜሪካኖች ወርን ከቀን ያስቀድማሉ። 10/03/2026 ብለው ሲጽፉ ኦክቶበር 3 ማለታቸው ነው፤ በእኛ መስከረም 23 ቀን 2019 ዓ.ም. ይውላል። እንደ አገር ቤት ልማድ ቀኑን አስቀድሞ ያነበበ ሰው ማርች 10 ይለዋል፣ አሥረኛውን ወር ይዞ ሰኔ የሚልም አይጠፋም። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፎ ለእናትም ለልጆችም ማስያዝ ከብዙ ጣጣ ያድናል።

አይ-539 የሚቀርበው ዩኤስሲአይኤስ ለሚባለው የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት ነው። ማመልከቻው የአይ-94 ቀን ሳያልፍ መድረስ አለበት፤ መሥሪያ ቤቱ ቢያንስ 45 ቀን ቀደም ብሎ እንዲገባ ይመክራል። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ተመን ክፍያው በኢንተርኔት 420፣ በወረቀት 470 ዶላር ነው። ተመኑ ስለሚለዋወጥ በማመልከቻው ቀን ማየት ይገባል። በአንድ ጊዜ እስከ 6 ወር መጠየቅ ይቻላል። አባትና እናት አብረው ከሄዱ አይ-539ኤ በሚባል ተጨማሪ ቅጽ በአንድ ማመልከቻ ሊጠቃለሉ ይችላሉ።

አመልካቿ እናት እንጂ ልጅ አይደለችም። ልጅ ሞልታ ብታግዝም የምትፈርመው እናት ናት፤ መጻፍ ለማይችል ሰው የመስቀል ምልክት ፊርማ ይሆነዋል። ስም የሚሞላው ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ነው፤ በኛ አገር የቤተሰብ ስም ስለሌለ በቦታው የሚገባው የአያት ስም ይሆናል። ፓስፖርቱም በሚጠየቀው ጊዜ ሁሉ የጸና መሆን ስላለበት፣ ሊያልቅ የተቃረበውን ዋሽንግተን ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል አስቀድሞ ማሳደስ ይገባል።

ከቅጹ ጋር የሚያያዘው ማስረጃ ሦስት ነገር ያሳያል፦ ለምን መቆየት እንዳስፈለገ፣ በምን እንደሚኖሩና መቼ እንደሚመለሱ። ለመጀመሪያው የሐኪም ደብዳቤ ወይም የሕፃኑ የልደት ወረቀት፣ ለሁለተኛው የልጅ የባንክ መግለጫና የደመወዝ ወረቀት፣ ለሦስተኛው የመመለሻ ትኬት ይሆናል። የመንዝ ገበሬ ከተሜው የሌለው ጥሩ ማስረጃ አለው፤ የመሬት ይዞታ ደብተሩ ወደ ቀዬው የሚመለስበት ጉዳይ እንዳለው ይናገራል። በአማርኛ የተጻፈ ሰነድ ሁሉ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉምና የተርጓሚው ማረጋገጫ ያስፈልገዋል።

ምክንያቱ እውነተኛና ጊዜያዊ ይሁን። “ልጅ ትጠብቅልን” የሚል ደብዳቤ አደጋ አለው፤ ጎብኚ ተቀጥሮ መሥራት አይፈቀድለትም፣ የሞግዚት ቦታ የያዘች የሚያስመስላት አጻጻፍም ጥርጣሬ ይጋብዛል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ጦርነት ሰሜን ሸዋንም ስለነካ “አገር እስኪረጋጋ” ብለው መጻፍ የሚፈልጉም አሉ። መመለስ ያስፈራኛል ማለት ግን ከጉብኝት ማራዘሚያ የተለየ የሕግ ጉዳይ ነው። ጥገኝነት ለመጠየቅ እንደ ደንቡ የተሰጠው ጊዜ ከገቡበት ቀን አንሥቶ አንድ ዓመት ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ሐሳብ ያለው ሰው ቅጹን ከመሙላቱ በፊት ጠበቃ ያማክር።

ማመልከቻው ሲደርስ መሥሪያ ቤቱ የደረሰኝ ማስታወቂያ ይልካል፤ ለአሻራም ሊጠራ ይችላል። በጊዜው ያመለከተ ሰው መልሱ ሳይመጣ የአይ-94 ቀኑ ቢያልፍም፣ በመጠባበቅ ላይ ሳለ ሕገ ወጥ ቆይታ አይቆጠርበትም። እምቢ ከተባለ ቆጠራው ከውሳኔው ማግሥት ይጀምራል። መልሱ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል፣ እስካሁን አልመጣም ብሎ ከጠየቁት ቀን በላይ መቆየት አይገባም፤ ወይ መውጣት ነው፣ ወይ ያ ቀን ሳያልፍ ሁለተኛ ማመልከቻ ማስገባት።

ሳያመለክቱ መቅረት ብዙ ያስከፍላል። ከቀኑ ያለፈ ሰው ቪዛው ይሰረዛል። ከ180 ቀን በላይ፣ ከአንድ ዓመት በታች ሕገ ወጥ ሆኖ ቆይቶ የወጣ ለ3 ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ለ10 ዓመት መግባት ይከለከላል። ለሰባ ዓመት እናት አሥር ዓመት የልጅ ልጅን ዳግም ላለማየት ይበቃል።

ሌላ አገር ልጅ ያለው ሰው የአሜሪካን ደንብ ይዞ እንዳይሄድ። ካናዳ ለወላጆችና ለአያቶች ሱፐር ቪዛ የሚባል አላት፤ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2022 ጀምሮ በአንድ መግቢያ እስከ 5 ዓመት ያስቆያል። የእንግሊዝ የጎብኚ ቪዛ ዘወትር ከ6 ወር አያልፍም። በሸንገን አገሮች በየ180 ቀኑ የሚፈቀደው 90 ቀን ሲሆን፣ የሚራዘመው ከአቅም በላይ ለሆነ ወይም ለከባድ የግል ችግር ነው።

እናታችሁን የምትቀበሉ ልጆች፣ አይ-94ን በመጀመሪያው ሳምንት አትሙ፣ ማራዘም ካሰባችሁም ከአራተኛው ወር በፊት ወስኑ። ሐኪም ቤት በአሜሪካ ብዙ ስለሚያስወጣ የጎብኚ የጤና መድን ግዙላት። ከሁሉ በፊት ግን እሷን ጠይቋት፤ በጎቿን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ የመጣች እናት መቆየቱን የፈለገችው እሷ ትሁን እናንተ፣ ቅጹ ከመሞላቱ በፊት መታወቅ አለበት።