በጎልፍ ሜዳ ላይ የባልንጀራን ጊዜ ስለ ማክበር

የሰው ጠባይ በሥራው ላይ ብቻ ሳይሆን በጨዋታውም ላይ ይገለጣል። ሰው በሸንጎ ፊት ቆሞ ሲናገር ቃሉን ይመርጣል፤ በአለቃው ፊት ሲቀመጥ እጁንና እግሩን ይሰበስባል፤ ጨዋታ በያዘ ጊዜ ግን ልቡ ስለሚዘነጋ የተሰወረው ጠባዩ ሁሉ ወደ ውጭ ይወጣል። ስለዚህ ጨዋታን እንደ ከንቱ ነገር ቈጥሮ መናቅ አይገባም። የጨዋታ ሜዳ ትዕግሥትና ቍጣ፥ እውነትና ሐሰት፥ ትሕትናና ትዕቢት የሚፈተኑበት ትንሽ ሸንጎ ነው። ይህንም ነገር በግልጥ ከሚያሳዩት ጨዋታዎች አንዱ ጎልፍ የሚባለው ነው።

ጎልፍ በስኮትላንድ አገር ያደገ የበትርና የኳስ ጨዋታ ነው። ከገና ጨዋታ ጋራ የሚመሳሰለው ግን በበትሩና በኳሱ ብቻ ነው። በገና ሁለት ወገኖች አንዲቱን ኳስ እየተሻሙ ይጋፋሉ፤ በጎልፍ ግን እያንዳንዱ ሰው የራሱን ኳስ ብቻ ይመታል፥ የባልንጀራውን አይነካም። ኳሱ ክብደቱ 46 ግራም የማይሞላ ትንሽና ጠንካራ ነገር ነው። ተጫዋቹ ይህን ኳስ ከሩቅ እየመታ፥ ስፋቱ 108 ሚሊሜትር ብቻ ወደ ሆነ ጕድጓድ ያገባዋል። እንዲህ ያለው ጕድጓድ በአንድ ሙሉ ሜዳ ላይ 18 ነው። 18ቱንም በጥቂት ምት የጨረሰ አሸናፊ ይሆናል። ሜዳው ሰፊ ስለ ሆነ ሰዎች ሁለትም ሦስትም አራትም እየሆኑ በጓድ ተከፍለው፥ አንዱ ጓድ ከሌላው ኋላ እየተከተለ ይጫወታሉ። እንግዲህ ፊተኛው የዘገየ እንደ ሆነ ኋለኛው ሁሉ ይቆማል፤ ጭቅጭቁም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የዚህ ጨዋታ ታሪክ ከጊዜ ክርክር ተለይቶ አያውቅም። በ1457 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) በንጉሥ ጀምስ ሁለተኛ ዘመን የስኮትላንድ ፓርላማ ጎልፍና የእግር ኳስ ፈጽመው እንዲቀሩ ዐወጀ። ምክንያቱም ሕዝቡ ለአገር መከላከያ የሚያስፈልገውን የቀስት ልምምድ ትቶ ቀኑን በጨዋታ ያሳልፍ ስለ ነበረ ነው። ከዚያም በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ17ኛው መጀመሪያ፥ እንደ ፐርዝና እንደ ሴንት አንድሩስ ባሉት ከተሞች፥ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች በእሑድ ቀን በስብከት ሰዓት ጎልፍ ሲጫወቱ የተገኙትን እየጠሩ ይገሥጹና ይቀጡ ነበር። እንግዲህ ጨዋታው በቀድሞ ዘመን የተከሰሰው በራሱ ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ የንጉሥን ጊዜና የእግዚአብሔርን ጊዜ ስለ ሰረቀ ነው እንጂ። ዛሬ ደግሞ የሚከሰሰው የባልንጀራን ጊዜ በመስረቅ ነው። የቀድሞውም ተግሣጽ ፈጽሞ አልተረሳም። በሴንት አንድሩስ ያለው ጥንታዊው ሜዳ ከጥቂት ታላላቅ ውድድሮች ቀን በቀር እስከ ዛሬ በእሑድ ለጨዋታ አይከፈትም፤ በዚያ ቀን የከተማው ሰው ከልጆቹ ጋራ በሣሩ ላይ ይመላለስበታል፥ ሜዳውም ያርፋል።

በ1744 ዓ.ም. የኤዲንበርግ ከተማ ሹሞች ለአሸናፊ የሚሰጥ የብር በትር ባቀረቡ ጊዜ፥ በከተማይቱ አጠገብ በሊዝ ሜዳ ይጫወቱ የነበሩት ጨዋዎች 13 አንቀጽ ያለው ደንብ ጻፉ። እስከ ዛሬ ከተገኙት የጎልፍ ደንቦች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው ይኸው ነው። በዚያም ውድድር ያሸነፈው ጆን ራትሬይ የሚባል ሐኪም ነበረ። ከ13ቱ አንቀጾች አንዱ፥ ኳሱ ከጕድጓዱ እጅግ የራቀበት ሰው አስቀድሞ እንዲመታ ያዛል። ሕግ ለሚያውቅ ሰው የዚህ ትእዛዝ ምሥጢር ግልጥ ነው። ተራ ካልተወሰነ ክርክር ይነሣል፤ ክርክር ከተነሣ ጊዜ ይጠፋል፥ ወዳጅነትም ይጐዳል። ደግሞም ተራውን የሚሰጠው የኳሱ ርቀት እንጂ የሰውየው ማዕርግ አይደለም። መስፍንም ሆነ ነጋዴ፥ ኳሱ ቀርቦ የተገኘ እንደ ሆነ ቆሞ ይጠብቃል።

ከተጻፈው ደንብ ሌላ፥ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የቈየ የጨዋነት ልማድ አለ። ባልንጀራ ሊመታ በተዘጋጀ ጊዜ መናገርና መንቀሳቀስ ነውር ነው። ኳሱ ወደ ጕድጓዱ በሚሄድበት መሥመር ላይ እግርን ማሳረፍ፥ ጥላንም በዚያ ላይ መጣል አይገባም። በአሸዋው ውስጥ የገባ ሰው ሲወጣ የእግሩን ፍለጋ በመደምደሚያ አስተካክሎ ይወጣል፤ በበትሩ የተነቀለውንም ሣር ወደ ስፍራው ይመልሳል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ለራሱ አይደለም፤ እርሱ ወደዚያ ስፍራ በዚያ ቀን አይመለስምና። የሚያደርገው ከኋላው ለሚመጣው፥ ምናልባትም ስሙንና መልኩን ለማያውቀው ሰው ነው። ለማያውቁት ሰው የሚደረግ በጎ ነገር ብድራት የማይጠበቅበት ስለ ሆነ ከትሕትና ሁሉ የተመረጠ ነው።

ይህ ጨዋታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዳኛ አጠገብ ሳይኖር የሚፈጸም ነው፤ የተጫዋቹ ዳኛ ሕሊናው ነው። በ1925 ዓ.ም. በአሜሪካ በዉስተር ከተማ በተደረገው የአገሪቱ ታላቅ ውድድር፥ ቦቢ ጆንስ የተባለው ስመ ጥር ተጫዋች ሊመታ በተሰናዳ ጊዜ ኳሱ በረጅሙ ሣር ውስጥ ጥቂት ተንቀሳቀሰ። ከእርሱ በቀር ይህን ያየ ሰው አልነበረም። ዳኞቹም ፍርዱን ለእርሱ ቢተዉለት በራሱ ላይ አንድ የቅጣት ምት ቈጠረ። በመጨረሻም ከዊሊ ማክፋርሌን ጋራ እኩል ሆኖ በድጋሚ ሲጫወት በአንድ ምት ተሸነፈ። ሰዎችም ስለ እውነተኛነቱ ሲያመሰግኑት፥ ባለመስረቁ ሰውን ማመስገን አይገባም በሚል አሳብ ምስጋናውን አልተቀበለም።

በ1969 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝ አገር በሮያል በርክዴል ሜዳ የአሜሪካና የብሪታንያ ጓዶች ራይደር ካፕ ለሚባለው ዋንጫ ሲወዳደሩ፥ ውጤቱ በመጨረሻው ጕድጓድና በሁለት ሰዎች ላይ ወደቀ። አሜሪካዊው ጃክ ኒክላውስ ኳሱን ካገባ በኋላ፥ ለቶኒ ጃክሊን የቀረው ከአንድ ሜትር የማይበልጥ ምት ነበረ። ጃክሊን የሳተ እንደ ሆነ አሜሪካ ታሸንፋለች። ኒክላውስ ግን ባላጋራው በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት እንዲያፍር ስላልወደደ፥ ሳይመታ እንደ ገባለት ቈጠረለት። ውድድሩም 16 ለ16 በእኩል ተፈጸመ። ከራሱ ጓዶች ያዘኑበት ነበሩ፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በብዙ ዘመን ውስጥ የዚያ ቀን ነገር ሲነሣ የሚታወሰው ይህ ቸርነት ነው።

እንዲህ ያለ የከበረ ልማድ ያለው ጨዋታ በአሁኑ ዘመን የሚታማበት ዋናው ነገር መዘግየት ነው። አንዳንድ ተጫዋች ኳሱን ከመምታቱ በፊት ደጋግሞ ያለካል፤ ሣሩን ይመረምራል፤ በትሩን ይለውጣል፥ መልሶም ይለውጣል፤ ተራው እስኪደርስ ሥራ ፈትቶ ቆሞ፥ ተራው በደረሰ ጊዜ ገና ማሰብ ይጀምራል። ለእርሱ ይህ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ሒሳቡን መቍጠር ይገባል። አራት ሰዎች እያንዳንዳቸው 90 ጊዜ ቢመቱ 360 ምት ይሆናል። በእያንዳንዱ ምት ላይ 20 ሰከንድ ያለ ጥቅም ቢጨመር 7,200 ሰከንድ፥ ማለት ሁለት ሙሉ ሰዓት ይሆናል። አራት ሰዓት ያህል ሊፈጅ የሚገባው ጨዋታ ስድስት ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ይህም ኪሳራ የአራቱ ብቻ አይደለም፤ ከኋላ የተሰለፉት ሁሉ ይካፈሉታል። ገንዘብ የወሰደ ሌባ ቢያዝ ይመልሳል፤ የሰውን ሰዓት የወሰደ ግን ቢጸጸትም የሚመልስበት መንገድ የለውም።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በተጫዋቹ ላይ መጫን እውነተኛ ፍርድ አይሆንም። የሜዳው አዛዥም ድርሻ አለው። ብዙ ገንዘብ ለመሰብሰብ ብሎ በየ8 ደቂቃው አንድ ጓድ የሚያስገባ አዛዥ ቢኖር፥ በሜዳው ላይ ግን አንድ ጓድ ጨርሶ እስኪለቅ 10 ደቂቃ የሚፈጅ ጕድጓድ ቢገኝ፥ እያንዳንዱ ጓድ ከፊተኛው ይልቅ 2 ደቂቃ ጨምሮ ይቆማል። 20ኛው ጓድ እዚያ በደረሰ ጊዜ ማንም ሰው ሳያጠፋ 38 ደቂቃ ይጠብቃል። በዚያም ሰዓት ተጫዋቾቹ እርስ በርሳቸው ይወቃቀሳሉ፤ ጥፋቱ ግን ጧት በሩ ላይ የተሠራ ነው። ሥራን በልክ ያላከፋፈለ አለቃ፥ የበታቾቹን ትጋት ቢወቅስ ራሱን እንደ መውቀስ ነው።

ይህን ሁሉ ለማስተካከል፥ የጨዋታውን ሕግ በኅብረት የሚጽፉት የሴንት አንድሩሱ ድርጅትና የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር ከ2019 ዓ.ም. ጥር 1 ቀን ጀምሮ የጸና አዲስ ሕግ አወጡ። የጠፋ ኳስ መፈለጊያው ጊዜ ከ5 ደቂቃ ወደ 3 ደቂቃ ዝቅ አለ። ተራው የደረሰና የሚከለክለው ነገር የሌለ ተጫዋች ከ40 ሰከንድ በማይበልጥ ጊዜ እንዲመታ ምክር ተሰጠ። ምት በሚቈጠርበት ውድድር፥ ለሰው አደጋ እስካልሆነ ድረስ፥ የራቀውን ሳይጠብቅ የተዘጋጀው ሰው አስቀድሞ ቢመታ የተፈቀደና የሚመሰገን ሆነ። በ1744 ዓ.ም. የተራ ሕግ የተጻፈው ክርክርን ለማስወገድ ነበረ፤ ዛሬም የላላው መጠበቅን ለማስወገድ ነው። ሁለቱም የተነሡት ከአንድ አሳብ፥ ባልንጀራን ከማክበር ነው። በዚህ ሕግ ምት በሚቈጠርበት ውድድር ያለ ምክንያት የሚዘገይ ሰው መጀመሪያ አንድ የቅጣት ምት፥ ሁለተኛ ሁለት ምት ይቈጠርበታል፤ በሦስተኛው ከውድድሩ ይወጣል።

ሕግ መጻፍ ግን አንድ ነገር ነው፥ በሁሉ ላይ እኩል መፈጸም ሌላ ነገር ነው። በ2013 ዓ.ም. በአሜሪካ በኦገስታ በተደረገው የማስተርስ ውድድር ጓን ቲያንላንግ የሚባል የ14 ዓመት የቻይና ልጅ ተጫውቶ ነበር። በሁለተኛው ቀን በ17ኛው ጕድጓድ ላይ ዘገየህ ተብሎ አንድ የቅጣት ምት ተቈጠረበት። ብዙ ታዛቢዎች፥ ለረጅም ዘመን በመዘግየት የታወቁ ታላላቅ ሰዎች ሳይቀጡ ሕጉ በዚህ ሕፃን ላይ ለምን ጸና ብለው አጕረመረሙ። ልጁ ግን አልተከራከረም፤ የዳኛውን ፍርድ እንደሚያከብር ተናገረ። ከዚያም ለመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ከተመረጡት ጋራ አለፈ፤ ደመወዝ ሳይቀበሉ ከሚጫወቱትም መካከል የበለጠ ውጤት ያገኘው እርሱ ሆነ። የልጁ ትሕትና የሚያስመሰግን ነው፤ የታዛቢዎቹም ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። ሕጉ ራሱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ታናሹን ይዞ ታላቁን ሲለቅ ግን ሕግነቱ ይቀርና ወጥመድ ይሆናል።

ደግሞም ፍጥነትና ችኮላ አንድ እንዳይደሉ ማስተዋል ይገባል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለው፥ ጓዱን ለማስፈጠን ብሎ ፊት ያሉት ሳይርቁ ኳሱን የሚመታ ሰው፥ ጥቂት ደቂቃ አተርፋለሁ ሲል ሰውን እስከ መግደል ይደርሳል። ስለዚህ ኳሱ ወደ ሰው የሄደበት ተጫዋች «ፎር!» ብሎ በታላቅ ድምፅ እንዲያስጠነቅቅ ልማድ ሆኗል። እውነተኛው ፈጣን የሚሮጠው አይደለም፤ የሚዘጋጀው ነው። ባልንጀራው ሲመታ እርሱ ዝም ብሎ የራሱን ርቀት ይገምታል፤ በትሩን ይመርጣል፤ ከረጢቱን ወደሚቀጥለው ጕድጓድ መንገድ በኩል ያስቀምጣል፤ የምቱን ቍጥር ሌሎችን በማያስቆምበት ስፍራ ይጽፋል። ኳሱ ጠፍቶበት ሲፈልግ ከኋላው የሚጠብቁ ሰዎች መኖራቸውን ያየ እንደ ሆነ፥ እጁን አንሥቶ እንዲያልፉ ይጠራቸዋል። የሚያልፉትም በምስጋና ያልፋሉ። በዚህ ማንም አልተዋረደም፤ ይልቁንም ሁለቱም ወገን ከብሯል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ከሜዳው አጥር ውጭም የሚያገለግል ነው። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል ተብሎ የተነገረው ስለ ትዕግሥት ነው እንጂ፥ ሌላውን ሰው በፀሐይ ላይ አቁሞ ስለ መተው አይደለም። የራሱን ሥራ በትዕግሥት የሚመረምር ሰው አስተዋይ ይባላል፤ የሌላውን ሰው ትዕግሥት የሚጨርስ ግን ሌላ ስም ይገባዋል። በቢሮው ውስጥ ወረቀት ዘርግቶ የተቀመጠ ሹም፥ በበሩ ላይ ደጅ የሚጠናው ባለጕዳይ ከቤቱ ስንት ሰዓት ተጕዞ እንደ መጣ ቢያስብ፤ ነገሩን ሳያዘጋጅ በሸንጎ የሚቆም ጠበቃም፥ በዚያ የተሰበሰበው ሁሉ በእርሱ ምክንያት እንደሚጠብቅ ቢያስታውስ፥ ብዙ ነገር በቀለለ ነበር። የጎልፉ ተጫዋች ከኋላው ያሉትን ዘወር ብሎ እንዲያይ ልማዱ ያስተምረዋል። ዘወር ብሎ ማየት ደቂቃ አይፈጅም፤ ዘወር ብሎ ሳያይ የሚሄድ ሰው ግን የስንቱን ሰው ቀን እንዳጠፋ ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይገባል።