ኋላዋ የጨለመባት ቮልስ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። መኪና ያላችሁም፣ የሌላችሁም፣ ታክሲ ውስጥ ጋቢና መቀመጥ የምትወዱም! ፍሬን ሲያዝ ከኋላ ያለው ቀይ መብራት መብራቱን በምን ታውቃላችሁ? አታውቁም። ሹፌሩ አያየውም። የሚያየው ከኋላ የሚመጣው ሰው ነው። እሱ ደግሞ አለመብራቱን አንዳንዴ በክላክስ ይነግራችኋል፣ አንዳንዴ ደግሞ... በፓራውልት!

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቮልስ ነው። አዎ፣ ያቺ ጀርባዋ የጎበጠው፣ ሞተሯ ከኋላ፣ ሻንጣዋ ከፊት የሆነው ቮልስዋገን። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጣች። እ.ኤ.አ. በ2019 ኩባንያው አገራችን ውስጥ መኪና ለመገጣጠም የመግባቢያ ሰነድ ፈርሞ ነበር። ሰነዱ ሰነድ ነው፤ እኔ የማውቃት ግን ያቺን አሮጊቷን ነው። የስፖርት መኪና ወዳጆችም አትቀየሙኝ። ካርማን ጊያ የምትባለው ቆንጆ፣ ከ1955 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. የተሠራችው፣ ከላይ ስፖርት ትመስላለች እንጂ ከሥር ያው ቮልስ ናት።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ነቀምቴ ውስጥ አንዲት ወጣት አለች። ስሟ ይቆየን። አባቷ ሲያርፉ የተዉላት እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራች ቮልስ ነው። አጎቷ “ትሸጥና ለሰርግሽ ወጪ ትሁን” ይላሉ። እሷ ደግሞ “በአባቴ መኪና ካልሆነ ሙሽራ አልሆንም!” ብላ ድርቅ። እጮኛዋ መሐል ላይ ዝም። ብልህ ልጅ ነው!

ችግሩ መንገዱ ነው። ሙሽሪት ከነቀምቴ ወጥታ የምትገባው ጊምቢ ነው፤ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ። ያንን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል፣ ወደ ደዴሳ ሸለቆ ይወርዳል፣ ይወርዳል... ሰው ማርሽ ቀንሶ ፍሬኑን ለስለስ አድርጎ እየነካ ነው የሚወርደው። ይህን “ለስለስ” የምትለዋን ቃል ያዙልኝ።

ለሰርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ልጅቷ ከደዴሳ አቅጣጫ ስትመለስ አንድ ቅጥቅጥ ከኋላዋ ደርሶ ለጥቂት ሳተችው። ሹፌሩ ወርዶ፣ “እህቴ፣ ስቶፕሽ አይበራም'ኮ! ልትጨርሺን ነው?” አላት። አጎት ይህን ሲሰሙ ምን ይበሉ? “አላልኩም? በዚህ ሳምንት ካልተሠራች ሳምንት ገበያ ትወጣለች!”

መጀመሪያ የሄደችበት ጋራዥ አምፑል ቀየረላት። አምፑሉ የ12 ቮልት ነበር፣ የእሷ መኪና ደግሞ 6 ቮልት ናት! ማታ እንደ ከሰል ፍም፣ ቀን ጭራሽ የለም። መልሳ ስትሄድ “የፍሬን ፓምፑ በሙሉ ይቀየር” አሏት። እኔ እንደሚመስለኝ ያላወቁትን ነገር በሙሉ “ይቀየር” ማለት ይቀናቸዋል።

በመጨረሻ ወደ አንድ ሸምገል ያሉ መካኒክ ወሰድናት። ሰውየው የጠየቋት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ “ኢንተላ ኮ፣ ጠበቅ አድርገሽ ስትረግጪውስ?” ኢንተላ ኮ ልጄ ማለት ነው። ሞከረችው። 6 ቮልት አምፑል ገብቶ፣ ለስለስ ስታደርገው ጨለማ፣ አጥብቃ ስትረግጠው ግን ብልጭ! አያችሁ? ቁልቁለት ላይ ለስለስ አድርጎ ለሚይዝ ሰው ይህ መብራት አለ አይባልም።

በዛሬዎቹ መኪኖች የፍሬን መብራት ስዊች አብዛኛውን ጊዜ ፔዳሉ ጋ ነው፤ ሲረገጥ ይነካል፣ መብራቱ ይበራል። በቮልስ ግን ስዊቿ ራሱ የፍሬን ፓምፑ ላይ ጥምዝ ብላ ገብታ የዘይቱን ግፊት ትጠብቃለች። ግፊት ሲመጣ ውስጧ ያለውን ብረት ገፍቶ ሁለቱን ሽቦ ያገናኛል። ስታረጅ ብረቱ ይቃጠላል፣ ትንሽ ግፊት አይበቃትም። ሲብስባት በሽቦዎቹ ሥር ዘይት ታዥ ይሆናል።

እሷ መሆኗን ለማረጋገጥ የተጠቀሙት ዘዴ ደግሞ ነፃ ነው። የመኪናውን ቁልፍ ከፍተው ከስዊቿ ሁለቱን ሽቦ ነቅለው እርስ በርስ አገናኙ። ከኋላ ቦግ! ሽቦው ደህና፣ ቫልቮላው ደህና፣ አምፑሉ ደህና... የሞተችው ስዊቿ ናት ማለት ነው። ቦግ ባይል ኖሮ ቫልቮላውንና ሽቦውን ነበር የምንከተለው። ብቻችሁን ከሆናችሁ ማታ መኪናውን ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታችሁ ፍሬን ያዙ፣ ግድግዳው ይነግራችኋል።

አዲሷ ስዊች ከአዲስ አበባ፣ ከሱማሌ ተራ፣ በአውቶቡስ መጣች። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ረጅም አይደለም፣ ግን ቀልድም አይደለም። ይህቺ የ1965 ቮልስ ለአራቱም ጎማ ያላት የዘይት መስመር አንድ ብቻ ነው። እዚያ ላይ የተበላሸ ሥራ ማለት መብራት ማጣት ሳይሆን ፍሬን ማጣት ነው። መካኒኩም ይህን ሦስት ጊዜ ነገሩን።

መኪናዋ ለጥ ያለ ቦታ ቆመች፣ ሌሎቹ ጎማዎች ሥር ድንጋይ ገባ። የግራው የፊት ጎማ ቡሎኖች ላላ ተደረጉ፣ በክሪክ ተነሳች፣ ክሪክ ብቻውን ስለማይታመን ጉማጅ እንጨት ተደገፈ፣ ጎማው ወጣ። ፓምፑ እዚያው ውስጥ ነው። ሰውየው ዙሪያውን በብሩሽና በጨርቅ ጠረጉት፤ ጭቃ ወደ ዘይቱ ከገባ ጉድ ነው። ከዚያ አዲሷን ስዊች በግራ እጃቸው ይዘው አሮጌዋን በቀኝ ፈቱ። አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ወዲያው ገባች፣ የፈሰሰው ዘይት ጥቂት ነው። “ጥምዟ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ራሷ ትጠብቃለች። ጉልበት ያለው ጎረምሳ ነው ፓምፕ የሚሰነጥቀው” አሉ፣ እኔን እያዩ! የፈሰሰው ዘይት ቀለም ስለሚበላ ቶሎ ተጠረገ።

ፔዳሉ ስፖንጅ ስፖንጅ አለ። አየር ገብቷል። ልጅቷ መሪው ጋ ተቀመጠች። “ርገጪ! ርገጪ! ያዢ!” ከታች ያለችው ትንሿ ቡሎን ላላ ትላለች፣ አረፋው ይወጣል፣ ትጠብቃለች። “ልቀቂ!” ከፓምፑ ከሚርቀው ከቀኙ የኋላ ጎማ ጀመሩ፣ ቀጥሎ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ መጨረሻ ግራ ፊት። በየመሐሉ ዘይት ይሞላል፣ ካለቀ እንደገና አየር ይገባልና። ዘይት ስል የፍሬን ዘይት ነው። የሞተር ዘይት ጠብ ያደረገበት ሰው ጎማዎቹን ላስቲኮች በሙሉ አሳብጦ ይጥላል። በመጨረሻ አጥብቃ ረግጣ ያዘችው፣ እሳቸው ሥር ተኝተው አዩ። ጠብ የሚል ነገር የለም።

የእናንተ ቮልስ ከ1967 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራች ሁለት መስመር ያላት ከሆነች ስዊቿም ሁለት ናት። አንዷ ብትሞት ሌላዋ ታበራለች። ስለዚህ መብራቱ ጨርሶ ከጠፋ መጀመሪያ ቫልቮላውን እዩ። የእጅ ፍሬን ደግሞ በየትኛዋም ቢሆን የፍሬን መብራት አያበራም፣ በእሱ ቀስ እያላችሁ የምትቆሙ ልጆች ከኋላ ያለው ሰው ምንም አያውቅም።

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና የሚያስታምም ሰው እንደ ሞኝ መታየቱ ቀንሷል። አጎት ግን በወሬ አያምኑም። ቅዳሜ በፒክአፓቸው ከኋላዋ ተከትለው እስከ ደዴሳ ድልድይ ወረዱ። እዚያ ሲደርሱ ወርደው ትንሽ ቆሙ፤ “በርቷል” አሉ። ቀጠሉና ደግሞ፣ “ለሰርጉ ቀን ሪባኑን ኋላ እንዳታስሪው፣ መብራቱን ይሸፍነዋል።”