ባሌን በእግር፣ ሳምንቱን ሙሉ

ዲንሾ የደረሰ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ምንም ባያደርግ ደስ ይለኛል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአሰላ፣ በበቆጂና በዶዶላ አድርጎ ሲጓዝ ይውልና 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ሲወርድ፣ ልቡ ወዲያው ከፍተኛው የሳኔቲ ሜዳ ላይ መውጣት ይከጅላል። የለም። ጋቢውን ደርቦ ትኩስ ሻይ ይጠጣ፤ ግቢው ውስጥ ባለው ጫካ ቀስ እያለ ይንሸራሸር፤ በጊዜ ይተኛ።

የምሠራው በሕክምና ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ደም ስመረምር ስለምውል፣ ተራራ ላይ ሰውነቴ የሚሠራውን ሳላስብ መራመድ አልችልም። 4,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ወደ 60 በመቶ ገደማ ይወርዳል። የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ነው፤ አየሩ ስለሳሳ ግን በአንድ ትንፋሽ የሚገባልን ያንሳል። ሰውነት በቅድሚያ ትንፋሹን ያፈጥናል። ኩላሊት ደግሞ መቅኔ ብዙ ቀይ የደም ሴል እንዲሠራ የሚያዝ ሆርሞን ይለቃል። ደሙ እስኪጨምር ሳምንታት ይፈጃል፤ ትንፋሹ ግን በጥቂት ቀን ይለምዳል። ባሌን በቅዳሜና እሁድ ሮጦ ከመመለስ ሳምንት ይዞ መሄድ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚኖር ከባዶ አይጀምርም፤ ያም ሆኖ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ያጋጥማል። ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም እርምጃው የሚንገዳገድ ሰው ካለ ግን ወሬ የለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ታች ማውረድ ነው።

የዕረፍቱ ቀን ደግሞ አይባክንም። በዲንሾ ጫካ የደጋ አጋዘን እንደ ልብ ይታያል። ለዓመታት በኪሳችን ይዘነው የዞርነው የ10 ሳንቲም ምስል እሱ ነው። ወንዱ ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ግርማ ሞገሳም እንስሳ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም።

በማግስቱ የወይብን ሸለቆ ይዘን ጉዞ ጀመርን። ድንኳንና ስንቅ ፈረስ ይጭናል፤ እኛ በእግር። የፈረሱ ባለቤት ሽማግሌ ነበሩ። ከእህቴ ጋር እየተጨዋወትን ስንወጣ ሰምተው፣ «ልጄ፣ ሽቅቡን ዝም ብለሽ ውጪ፤ ሜዳው ላይ ታወሪያለሽ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አተነፋፈሴ ተስተካከለ። ስንቃችን ጭኮ ነበር፤ ገብስ በቅቤ፣ ለብርድና ለዳገት እሱን የሚያህል አላየሁም።

በዚሁ መንገድ ፊንጫ ሀበራ የሚባል ፏፏቴ አለ፤ በአቅራቢያው ደግሞ 3,469 ሜትር ላይ የዓለት ጥላ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ዘመን ሰዎች እየተመላለሱ ኖረውበታል። ባልጩት ከዚያም በላይ ካለው ከፍታ እያመጡ መሣሪያ ይሠሩ ነበር፤ ዋና ምግባቸው ደግሞ በባሌ ብቻ የሚገኘው ትልቁ ፍልፈል ነበር። እዚያ ዓለት ሥር ቁጭ ብዬ ጭኮዬን ስበላ የተሰማኝን ደስታ ለማንም ማስረዳት ያስቸግረኛል።

ፍልፈሉን ያየሁት ሳኔቲ ላይ ነው። ሜዳው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊቱን ውኃችን በጀሪካን ውስጥ በረዶ ሆኖ አደረ። ፀሐይ ስትሞቅ መሬቱ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተነቃነቀ፤ ሰፊ ጭንቅላት ብቅ አለ፤ ዓይኖቹ አናቱ ላይ ናቸው። ግማሽ አካሉን ብቻ አውጥቶ ዙሪያውን ያለውን ሣር በጥርሱ አጨደ፤ አፉን ሞልቶ ወደ ኋላው ገባ። አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ከተቆፈረው አፈር ነፍሳት ትለቅማለች። ራቅ ብሎ ቀይ ቀበሮ ጆሮውን አቁሞ ቆሟል። አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ ይቆማል፤ ሆዱን መሬት ያስነካል። አስጎብኚያችን በእጁ ዝም እንድንል ምልክት ሰጠን። ቀበሮው ዘለለ፤ ሳተ፤ አፈሩን ጥቂት ጫረና ወደ ሌላው ጉድጓድ ሄደ።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 ያነሰ ነው የቀረው፤ ከዚያ ከግማሽ የሚበልጠው ባሌ ውስጥ ነው። በቡድን ይኖራል፤ ፍልፈል ሲያድን ግን ብቻውን ነው። ማታና ጠዋት ተሰብስቦ ድንበሩን ይዞራል፤ ይላላሳል፤ ይጫወታል። ይህ ፍቅሩ ነው ለአደጋ የሚዳርገው፤ የእብድ ውሻ በሽታ አንዱን ከያዘ ቡድኑን ሁሉ ያዳርሳል። በ2003 እና 2004 እ.ኤ.አ. በተነሳው ወረርሽኝ በወይብ ሸለቆ ከነበሩት ከአራቱ ሦስቱ ያህል አለቁ። በሽታው የሚመጣው ከውሻ ነው። ስለዚህ በየመንደሩ ውሻ ይከተባል፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ክትባቱ በፍየል ሥጋ ውስጥ እየተደበቀ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው ይሰጣል። በሙያዬ ስለ ክትባት ብዙ ሰምቻለሁ፤ ሥጋው በፈረስ ተጭኖ ሌሊት በብርድ የሚታደልበትን ሥራ ያህል ግን ያከበርኩት የለም። ወደ ባሌ የምትሄዱ፣ እባካችሁ ውሻችሁን ይዛችሁ አትሂዱ፤ የተረፈ ምግብም ሜዳ ላይ አትጣሉ፤ ውሻ ይስባል።

ሳኔቲ ላይ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ነው፤ መኪና ጫፉ ድረስ ይወጣል። እኛ በእግር ወጣነው። እውነቱን ለመናገር ከጫፉ ይልቅ ሜዳው ይበልጣል፤ ጅብራው ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ፣ ኩሬዎቹ ሰማዩን ይዘው።

ከሳኔቲ ደቡብ ጠርዝ መሬቱ በድንገት ወደ ሐረና ጫካ ይወርዳል። መጀመሪያ አስታ፣ ቀጥሎ ኮሶ፣ ሪራ አካባቢ ቀርከሃ፤ እዚያ የባሌ ጦጣ አለ፤ የሚበላው በአብዛኛው የቀርከሃ ቅጠል ነው። ከፍ ካሉ ዛፎች ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። ዝቅ ሲል የጫካ ቡና ነው። ትንፋሻችንም ተመልሶ ነበርና እስኪበቃን አወራን።

ወሩን ለሚጠይቁኝ ከኅዳር እስከ የካቲት እላለሁ፤ ዝናቡ ቀንሶ መንገዱ ይደርቃል። ወፍራም ስሊፒንግ ባግ፣ የግንባር ባትሪና የዝናብ ልብስ ያዙ። አስጎብኚና ፈረስ እዚያው ዲንሾ ካሉት ሰዎች ተከራዩ፤ ቀበሮው በሕይወት መኖሩ ገቢ የሚሆነው ለእነሱ ነውና። የላቦራቶሪ ባልደረቦቼን ለመጪው ኅዳር አስማምቻለሁ፤ የዓመት ፈቃድ ቅጻቸውንም ሞልተዋል።